የቅሬው አግዳሚና ስድስቱ ስክሪኖች

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለን ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ ስለዚህ ከመነሻው አንድ በአንድ ላስተዋውቅ።

አንደኛው እኔ ነኝ፤ አሰፋ፣ ኮልፌ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምጠግን። ሙያውን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን የተበላሸ ዕቃ እየፈታሁ ነው። ሁለተኛዋ ልጄ ትዕግሥት ናት፤ በኮምፒውተር ትምህርት የተመረቀች፣ አብራኝ ልትሄድ ቲኬት ተቆርጦላት የቀረች። ሦስተኛው መምህር እንድሪስ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። አራተኛዋ እናቱ እትዬ ፋጡማ ናቸው፤ እቤታቸው ያሳደሩኝ። አምስተኛው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይመር ነው። ስድስተኛው ጋሽ ሙሄ፣ የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ ማለት እኛ እድር የምንለው ነው፤ እዚያ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ሰባተኛዋን አላየኋቸውም። የይመር እናት ናቸው። ስማቸው ዘሀራ መሆኑን ያወቅኩት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። እንድሪስ በክረምት ለኮርስ አዲስ አበባ ሲመጣ ሬዲዮውን እኔ ዘንድ ያሠራ ነበር። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ሁለት ስክሪን ይዞ ሲሠራ አየ። ሁለት ሰው በየራሱ ስክሪንና ኪቦርድ የየራሱን ሥራ ይሠራል፤ ማሽኑ ግን አንድ ነው። ብልሃቱ የትዕግሥት ነው።

«ስድስት ይችላል?» አላት።

«ካርድ ከተጨመረበት ይችላል።»

«የእኔ ተማሪዎች ኮምፒውተር የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሥዕል ላይ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ እኔ አሮጌ ስክሪን እየሰበሰብኩ መጠገን፣ እሷ ፕሮግራሙን ማስተካከል ያዝን። ከመጀመሪያ ደመወዟ ላይ ሳይቀር አዋጣች። የትምህርት ቤቱ ወላጆች ኮሚቴ አንድ ክፍል ለቀቀልን፤ ነገር ግን ክፍል የጠበባቸው ሰዎች ናቸውና ቀን ቆረጡ። እስከ ቅዳሜ ስድስቱም ስክሪን በርቶ ካላዩ ክፍሉ ወደ መማሪያ ክፍልነቱ ይመለሳል፤ ዕቃውም ወደ መጋዘን ይገባል። መጋዘን የገባ ዕቃ እንዴት እንደሚወጣ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ልንነሳ አንድ ቀን ሲቀረን ትዕግሥት ደንበኛ በተቀመጠበት «አባባ፣ አከፋፈቱን በአማርኛ ልጻፍልህ፤ እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ ብትፈልገው» አለችኝ። ደንበኛው ቀና ብሎ አየኝ። እኔም «ሃያ ዓመት ማንም ሳይጽፍልኝ የሠራሁ ሰው ነኝ። አንቺ መጣሽም ቀረሽም ይበራል» አልኳት። «እንግዲያ ልቅር» አለችና አክስቷ ቤት ሄደች። መደወል ነበረብኝ። ልጆችን ስለ ትሕትና ስመክር የምውል ሰው ነኝ፤ ያን ማታ ግን ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ ሳየው አመሸሁ እንጂ አልደወልኩም።

ሰኞ። አውቶቡሱ ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳ። ስክሪኖቹን በካርቶን አሽጌ ጣሪያ ላይ አስጫንኩ። ዋናውን ማሽን ግን ለጣሪያ አላምነውም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በትዕግሥት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን ከኋላችን የተቀመጠ ነጋዴ አንገቱን አስግጎ፣

«ጋሼ፣ ልጁ እስካሁን አልነቃም?» አለኝ።

«ኮምፒውተር ነው።»

«ቲኬት ቆርጠውለታል?»

«ቆርጬለታለሁ።»

«እንኳን ተማረ» አለ፤ አውቶቡሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዛሬ ሳስበው ያስቅ ነበር።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ከዋሻው ወጥተን ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ሰዉ ጃኬቱን ያወልቅ ጀመር። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ቆምን። አስተናጋጁ «ስንት ናችሁ?» ሲለኝ «ሁለት» አልኩና ወዲያው «አንድ» ብዬ አስተካከልኩ። ቤት ውስጥ ትዕግሥት ከሽሮው ላይ ቃሪያውን እየለቀመች ወደ እኔ ትገፋለች፤ እዚያ ግን ሁሉም ቃሪያ የእኔ ነበር። ማሽኑን ብቻውን ስለተውኩት ቶሎ ቶሎ ጎርሼ ተነሳሁ።

ደሴ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ኮልፌ ይበርዳል የሚል ሰው ከጥምቀት በኋላ አንድ ሌሊት ደሴ ይደር፤ ብርዱ ከጦሳ ተራራ ላይ ተንከባሎ ፒያሳ መሀል ይወርዳል። የያዝኩት ሆቴል ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ተሸካሚ የተባለው ልጅ ጀርባውን አመመኝ ስላለ ካርቶኖቹን ሰባት ጊዜ ተመላልሼ ራሴ አወጣኋቸው። የሆቴሉ ባለቤት፣ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ከታች ሆነው ሲቆጥሩ ቆይተው፣ ሳልጠይቅ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። «ይሄኛውን ለማሽኑ ሳይሆን ለራስዎ ያድርጉት» አሉኝ። ከትዕግሥት ወዲያ ስለ እኔ መብረድ ያሰበ ሰው ካየሁ ቆይቼ ነበር። አመስግኜ በሩን ዘጋሁ፤ ወዲያው ደግሞ ትንሽ ባወራኋቸው ኖሮ ብዬ ቆጨኝ።

ማክሰኞ። ዕቃው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚገባ ስለሆነ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቢሮው ጠዋት በሁለት ሰዓት ተከፈተ፤ ኃላፊው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው። አራት ሰዓት ላይም ስብሰባ ላይ ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት ዳቦዋን ከሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝና ደብዳቤውን ራሷ ይዛ ወጣች። የስብሰባው በር ላይ ቆማ ኃላፊው ለዕረፍት ሲወጡ ኮሪደር ላይ አስፈረመቻቸው። ስሟን ጠየቅኳት። «ምን ያደርግልዎታል፣ ይሂዱ እንጂ፤ ሚኒባሱ ሲመሽ ያስወድዳል» አለችኝ።

በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ቁልቁለቱን እንደጨረስን አየሩ ሌላ አገር ይሆናል፤ ደሴ ላይ የለበስኩትን ሹራብ አውልቄ ከማሽኑ ሥር አነጠፍኩት። እንድሪስ መናኸሪያው ላይ ጠበቀኝ። ዓይኑ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

«ትዕግሥትስ ጋሽ አሰፋ?»

«ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩት። ይህ ውሸት ነበር፤ ጽፌዋለሁ።

እትዬ ፋጡማ ክርስቲያን እንግዳ እንደሚመጣ ስለሰሙ ዶሮዋን አስቀድመው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ዘንድ ልከው አሳርደው፣ እዚያው አሠርተው አስመጥተዋል። እሳቸውና እንድሪስ ከዶሮው አልቀመሱም፤ የራሳቸውን ምስር ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። «ይብሉ ወንድምዓለም፣ አብሽሩ፤ የእናንተው ሰው ነው የባረከው» አሉኝ። በእኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ ያለው ይቀርብለታል፤ ለእንግዳው ሃይማኖት ብሎ የራሱን ዶሮ ለራሱ የማይበላ የሚያደርግ ሰው ግን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ረቡዕ። ክፍሉ ጥሩ ነው፤ ሲሚንቶ ወለል፣ ሁለት መስኮት። ጠረጴዛ የለውም። በግድግዳው ሥር አራት ሰፋፊ አግዳሚዎች ተደርድረዋል። «ከቅሬ የተዋስናቸው ናቸው» አለኝ እንድሪስ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። የእኛ እድር መጋዘን ሙሉ ወንበር አለው፤ ለሠርግ ያከራያል፤ አራት ቢጎድል የሚያስተውልም የለም። ይህኛውም እንደዚያ መሰለኝ፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አግዳሚ ለትልቅ ሰው መቀመጫ ነው፤ ሰሌን ላይ ለተቀመጠ ልጅ ደግሞ ልክ ጠረጴዛ ይሆናል። በሐሳቤ ረካሁ።

እንድሪስ ክፍለ ጊዜ ስለነበረው የረዳኝ ይመር ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አርባ የሚሆነው ሰው። ልጆች ሲጋፉ ስክሪን እንዳይወድቅ የአግዳሚዎቹን እግር በብሎን ከወለሉ ጋር አሰርኩ። ሌባ እንዳይፈታው የብሎኑን ጫፍ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። ለገመዱ ማሳለፊያ ደግሞ መቀመጫውን ራሱን በመሰርሰሪያ በሳሁ።

«ጋሼ» አለኝ ይመር አግዳሚውን ደግፎ፣ «ለጊዜው ነው ወይስ ለሁልጊዜ?»

«ለሁልጊዜ ነው። ይሄን ሊነቅል የመጣ ቢኖር ሌባ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ አፈር ስሆን፣ እናቴ ትንሽ አሟታልና ብቅ ብዬ ልመለስ» ብሎ ለመነኝ። «የመጨረሻውን አግዳሚ እንጨርስና ትሄዳለህ» አልኩት። የጨረስነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጊዜን የማክበር ጉዳይ ነው ብዬ ነበር ያኔ።

ሐሙስ። ጠዋት ይመር አልነበረም። ማሽኑን ሳስነሳ ስድስቱም ስክሪን በራ፤ ሁሉም ላይ ግን በእንግሊዝኛ አንድ ነጭ መስመር ወጥቶ ደርቆ ቀረ። አጥፍቼ አስነሳሁ፤ ያው ነው። ገመዱን ሁሉ ነቅዬ እንደገና ሰካሁ፤ ያው።

እዚህ ላይ ለትዕግሥት እንኳ ያልተናገርኩትን ልናገር። እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። የዕቃ ስም፣ ቁጥር፣ የሬዲዮ ንድፍ አውቃለሁ፤ ዐረፍተ ነገር ግን አይገባኝም። በሱቄ ውስጥ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልጬ የምቀመጠው ሥዕሉን ለማየት ነው። ያ መስመር ብልሽት ይሁን ትእዛዝ መለየት አልቻልኩም። እንድሪስ ቢያየው ያነብልኝ ነበር። እሱ ብቅ ባለ ቁጥር ግን ስክሪኑን አጠፋሁ።

ረፋድ ላይ አራት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። ከፊት ያሉት ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሽ ሙሄ መሆናቸውን በኋላ አወቅኩ። አግዳሚዎቹን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ብሎኑን ነካ አደረጉ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ጤና ይስጥልን። ምን ፈለጋችሁ?» አልኩ፤ ድምፄ ሻካራ እንደነበር አውቃለሁ።

«አይ፣ ምንም። ሥራህን ሥራ» አሉ ሽማግሌው። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው «በቃ እንጨት እንፈልግ» ሲል ሰማሁት። ጥቂት ቆይቶ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው መንገድ ብዙ ሰው አለፈ። በመስኮቱ አየሁ፤ ቀብር ነው። እኔ የማውቀው ሰው አይደለም ብዬ ለገመዱ ሌላ ቀዳዳ መብሳት ያዝኩ። የመሰርሰሪያው ድምፅ መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ማታ እትዬ ፋጡማ ዘግይተው ገቡ። ነጠላቸው አቧራ ለብሷል።

«የት ዋሉ እትዬ?»

«ለቅሶ ነዋ። የይመር እናት ዘሀራ። ሌሊት ለንጋት አረፈች፤ አላህ ጀነት ይስጣት።»

ነጠላቸውን እያራገፉ ቀጠሉ።

«ሰዉ መሬት ላይ ዋለ፤ ድንጋይ ላይ፣ ግንድ ላይ። ሽማግሌዎቹ ወገባቸውን ይዘው ነው የተነሱት።»

«ቅሬው ሌላ ወንበር የለውም?»

«ያለው አራት ነው። እናንተ ጋ ያለው።»

እንድሪስ እንጀራውን እንደያዘ ቀረ። እሱም ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ስለዋለ፣ በመሀሉም ከበሩ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ ስለሚመለስ በብሎን መታሰሩን አላየም ነበር። እናቱ ታማ ሁለት ሰዓት ያቆየሁት ይመር፣ የእናቱ ለቀስተኞች የሚቀመጡበትን በገዛ እጁ ደግፎ አሲዞኛል። አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ እንግዳ ነኛ።

ዓርብ። ሲነጋ መጋዝ ይዤ ገባሁ። ረቡዕ ያሰርኩትን ብሎን ለመቁረጥ አራት ሰዓት ፈጀብኝ። የቀጠቀጥኩት ጫፍ የመጋዙን ጥርስ ሁለት ጊዜ ሰበረው። እንድሪስ ማሽኑንና ስክሪኖቹን ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፎ ደረደራቸው። አግዳሚዎቹን በፈረስ ጋሪ ጭኜ ለቅሶው ቤት ይዣቸው ሄድኩ፤ ከጋሪው ጎን በእግሬ።

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ቀና አለ። አንድ ወፍራም ሰውዬ «ይመር፣ ሌባው መጣልህ፤ ነቅሎ ነው የመጣው» አለ። ይመር የነገርኩትን አውርቷቸዋል ማለት ነው። ጥቂት ሰዎች አፋቸውን በነጠላ ያዙ። እኔ ይመር ፊት ቆሜ ይቅርታ ልለው ስል እጄን ይዞ አስቀመጠኝ።

«እኔ አላውቅም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ስትጠይቀኝ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ሥራ ይዘው ነበር።» ይመር አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ባለቤቴ ስትሞት እንኳ በሦስተኛው ቀን ሱቄን የከፈትኩ ሰው ነኝ። እዚያ ግን ማንም ሳያናግረኝ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ፤ ብቻዬን መሆኔን ያን ያህል አውቄው አላውቅም፤ ደግሞ ልነሳ አልፈለግኩም።

በመጨረሻ ጋሽ ሙሄን «ቅሬያችሁ የሚቀጣው ስንት ነው?» አልኳቸው።

«ቀብር የቀረ አሥር ብር። ዕቃ ያበላሸ አምስት።»

«እንግዲያ አሥራ አምስት ብር እከፍላለሁ።»

«እንግዳ አይቀጣም። የሚቀጣ አባል ነው።»

«አባል አድርጉኝ።»

ዳሱ ውስጥ ሳቅ ሆነ። «ከአዲስ አበባ እየተመላለስክ ልትቀብረን ነው?» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«የምችለውን ያህል።»

ሽማግሌው ፊቴን ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ጸሐፊውን ጠሩ። «መግቢያው አሥር ብር ነው። ጻፈው፤ አሰፋ በል። ሥራ? ዕቃ ጠጋኝ። ቅጣት አሥራ አምስት፤ በገባበት ዕለት የተቀጣ የመጀመሪያው አባል በል።» ደረሰኙን ቆርጠው ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ የስልክ ካርድ ገዝቼ ወደ ክፍሉ ተመለስኩና ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ አነሳችው።

«አባባ፣ በልተሃል?» አለች፤ ሌላ ምንም ሳትል።

«በልቻለሁ። ትዕግሥት፣ ስድስቱም ላይ አንድ ጽሑፍ ወጥቶ ቆሟል።»

«ምን ይላል? አንብብልኝ።»

እንድሪስ አጠገቤ ቆሟል። «ማንበብ አልችልም» አልኩ። «ፊደሉን ልንገርሽ። ፒ። አር። ኢ። ኤስ። ኤስ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኩ።

«አለሁ። ተጫን ነው የሚለው አባባ፤ ቀጥል። ቀስ በል፣ አልቸኩልም።»

ፊደል በፊደል ነገርኳት። ብልሽት አልነበረም። እያንዳንዱ ስክሪን የራሱ ኪቦርድ የትኛው እንደሆነ እየጠየቀ ኖሯል፤ አንደኛው ጋ አንድ ቁጥርን፣ ሁለተኛው ጋ ሁለትን መጫን ብቻ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠይቀኝ ነበር። እኔና እንድሪስ ሰሌኑ ላይ ተንበርክከን አንድ በአንድ ተጫንን፤ ስድስቱም ተራ በተራ ተከፈቱ።

«በራ» አልኳት።

«አውቄ ነበር።»

«መምጣት ነበረብሽ። ማለቴ፣ እንድትመጪ ማድረግ ነበረብኝ።» የቀረውን ሳልጨርስ ካርዱ አለቀ።

ቅዳሜ። ኮሚቴዎቹ ከለቅሶ ቤት ቀጥታ መጡ፤ ጋሽ ሙሄም አብረዋቸው ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው እዚያ ይማራል። ስድስት ተማሪዎች ሰሌን ላይ ተቀምጠው በአንድ ማሽን እያንዳንዳቸው ስማቸውን ጻፉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ «ክፍሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቆይ፤ ከዚያ እናያለን» አሉ። የፈለግኩትን ያህል አይደለም፤ የሚገባኝን ያህል ይሆናል።

«ግን መሬት ላይ ጎርፍ ሲገባስ?» አሉ አንዲት እናት።

«መደብ ይሠራለት» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ለእኛ የሆነ ለኮምፒውተርም ይሆናል።»

ከሰዓት በኋላ አምስት የቅሬው ሰዎች ጭቃና ጭድ አቡክተው በግድግዳው ሥር ልክ እንደየቤታቸው መደብ ሠሩ፤ ቁመቱን ከአግዳሚው ጋር አስተካክለው። እኔ ሃያ ዓመት ስሠራ ጠረጴዛ ከጭቃ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእናቱ ሦስተኛ ቀን ስለሆነ ይመር አልመጣም። ድንጋይ እያቀበልኩ እሱን በሩ ላይ ስፈልገው ነበር።

እሁድ። በተመላሽ አውቶቡስ አንድ ወንበር ብቻ ቆረጥኩ። ይመር መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ሸኘኝ፤ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ጋሼ፣ አባል ነዎትና አይጥፉ» አለኝ። ለምሳ የቆምነው እዚያው ሸዋ ሮቢት ነው። ከአጠገቤ አንዲት ተማሪ ተቀምጣ ነበር፤ ጣርማ በር ስንደርስ በመስኮቱ ጉሙን ስታይ ትዕግሥትን መሰለችኝ፤ ሳላናግራት አዲስ አበባ ገባን። ትዕግሥት ቤት ውስጥ ነበረች፤ መብራቱን ከውጭ አየሁት። ስለ እንግሊዝኛው አንዲት ቃል አላነሳችም። እኔም ማታ ሱቄ ውስጥ ያለውን ወፍራም መጽሐፍ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩትና «ከዚህ ጀምሪ» አልኳት።

ሁላችንን ያስወጣን ይህ ነው። ማሽኑ፣ ስክሪኖቹ፣ ካርዶቹና ኪቦርዶቹ አራት ሺህ ስምንት መቶ፤ ሦስት ሺው የእኔ፣ ቀሪው የትዕግሥት። ወላጆች ለሽቦና ለማከፋፈያ ያዋጡት ሦስት መቶ አሥር። እንድሪስ የአግዳሚዎቹን ቀዳዳ ለደፈነው አናጢ ከኪሱ አርባ አምስት። ለጭነት፣ ለአዳርና ለሚኒባስ መቶ ሃምሳ። የስልክ ካርድ ሃያ አምስት። ለቅሬው መግቢያና ቅጣት ሃያ አምስት። ለአውቶቡስ ደርሶ መልስ፣ ለሦስት ወንበር፣ ሁለት መቶ ሃያ አምስት። ድምሩ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሰባ አምስቱ ሰው ያልተቀመጠበት ወንበር ነው።